ከችግኝ መሸጫ የሚገዛ ፍግና ኮምፖስት፦ የትኛው ጆንያ ዋጋውን ያወጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ዳር ካሉት የችግኝ መሸጫዎች ጎራ ላለ ሰው ብዙውን ጊዜ አራት ዓይነት ጆንያ ይቀርብለታል፦ ጥቁር አፈር፣ የከብት ፍግ፣ የዶሮ ኩስና ኮምፖስት። አንዳንዱ ጋ አምስተኛ ይጨመራል፤ በትል የተዘጋጀው ቨርሚኮምፖስት፣ በኪሎ እየተመዘነ። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለጓሮ አትክልት ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጨው የከብት ፍጉ ነው። የዶሮው ኩስ ኃይለኛ ነው፣ ግን አያያዝ ይፈልጋል። ቨርሚኮምፖስቱን ለችግኝ ብቻ ይግዙ። ጥቁር አፈሩ ይቅርብዎ።

ዋጋ እዚህ አንጠቅስም፤ ከሰፈር ሰፈር፣ ከበጋ ክረምት ይለያያል። የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ ማወቁ ይበልጣል። 50 ኪሎ ስንዴ የሚይዝ ጆንያ ወደ 65 ሊትር ይገባዋል። በደረቅ ፍግ ሲሞላ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ቢመዝን ነው። ዝናብ የጠጣው ከዚያ እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ጭማሪው ውሃ ነው። አፈር የተቀላቀለበት ደግሞ ደርቆም ይከብዳል፤ ያው ጆንያ በአፈር ብቻ ቢሞላ ከ70 ኪሎ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ፍግ በኪሎ ሳይሆን በጆንያ ይግዙ፣ እስከ አፉ መሙላቱን አይተው። ሁለት ሦስት ጆንያ አንስተው ያነጻጽሩ፤ ቀለል የሚለው ብዙ ጊዜ የተሻለው ነው።

ጥቁር አፈር ገዢውን የሚስበው በመልኩ ነው። ሰው ጥቁረቱን ሲያይ ለምነት ያየ ይመስለዋል። ነገር ግን በቦሌና በአቃቂ ወገን ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው ዋልካም ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱም ከብስባሽ ብዛት የመጣ አይደለም። ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥር ያፍናል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መደብ ላይ ሲጨመር የነበረውን አፈር ያከብደዋል እንጂ አያለማውም። መለየቱ ቀላል ነው፦ አንድ እፍኝ በውሃ አርሶ በመዳፍ መሃል እንደ ገመድ ማሸት። ሳይበጠስ ረዝሞ እንደ ቀለበት ከታጠፈ ጭቃ ነው የሚሸጥልዎ። ኮምፖስት ያለበት ከሆነ ይፈረካከሳል። በዚያ ላይ ጥቁር አፈር የሰርዶ ሥርና የእንግጫ ኮረት ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ ሁለቱ አንዴ ግቢ ከገቡ በመኮትኮቻ አይለቁም። ሻጩ «የጫካ አፈር ነው» ሊል ይችላል። እውነት የጫካ ከሆነ በእርግጥ ጥሩ ነው፣ ያ ማለት ግን አንድ ጫካ ልብሱ ተገፏል ማለት ነው።

ጥቁር አፈር የሚያስፈልገው ሰው አለ ከተባለ በኮንክሪት ላይ ከፍ ያለ መደብ የሚሠራ ወይም ማሰሮ የሚሞላ ነው። እሱም ቢሆን የችግኝ ጣቢያዎችን የቆየ አቀላለቅ ይከተል፦ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ።

ወደ ከብት ፍጉ እንምጣ። በሱሉልታ፣ በሆለታና በሰበታ በኩል የወተት ላም ብዙ ስለሆነ አዲስ አበባ ፍግ አያጣም። ችግሩ ጥራቱ ነው። ንጹሑ እበት ለኩበት ይጠፈጠፋል፤ ለሽያጭ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የበረት ጥራጊ ነው፤ ጭድ፣ የተረፈ ድርቆሽ፣ ሽንት የጠጣ አፈር። ጥራጊ ነው ብሎ መናቅ ግን አይገባም። ከላሟ ከሚወጣው ናይትሮጂን ግማሽ ያህሉ፣ ከፖታሲየሙም አብዛኛው ያለው በሽንቷ ውስጥ ነው። ሽንት የጠጣ ጭድ ከንጹሕ ደረቅ እበት ይበልጣል። የሚያበላሸው አፈሩና ቦታው ነው። ጥላ በሌለው ሜዳ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ የተዘረገፈ ክምር ናይትሮጂኑና ፖታሲየሙ በዝናብ ታጥቦ ሄዷል፤ በጆንያ የሚገባው ቀፎው ነው። ሻጩን መጠየቅ ያለብዎ ሦስት ነገር ነው፦ ከየት መጣ? ስንት ወር ተቀመጠ? በላዩ ጣሪያ ወይም ላስቲክ ነበረው?

መልሱን እጅዎ ያረጋግጣል። እጅዎን እስከ ክንድዎ ጆንያው ውስጥ ይክተቱ። መሃሉ የሚሞቅ ከሆነ ገና እየበሰለ ነው። አንድ እፍኝ አውጥተው ይጭመቁ፤ በጣቶች መሃል ውሃ ከወረደ ረጥቧል፣ ሳይጣበቅ ከተበተነ ደርቋል፣ ቅርጹን ይዞ ሲነኩት ከፈረሰ ልክ ነው። ከዚያ ያሽትቱ። የበሰለ ፍግ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ሽታ አለው። አፍንጫ የሚቆነጥጥ አሞኒያ ካለ ጥሬ ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቶ ተበላሽቷል። ጥሬውን መግዛት ክፉ አይደለም። እንዲያውም ርካሽ ከሆነ ብልህነት ነው፣ ቤት ወስደው የሚያበስሉት ከሆነ።

ማብሰያው እንዲህ ነው። ሁለት ጆንያ ጥሬ ፍግ፣ ሦስት ጆንያ የተቆራረጠ ደረቅ ነገር (ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ) እና አንድ ጆንያ አረንጓዴ አረም ወይም የታጨደ ሣር። በመካከለኛ ውፍረት እየደራረቡ እያንዳንዱን ንጣፍ ውሃ ያጠጡት። አረሙ ዘር ሳያፈራ የተነቀለ ይሁን። ከስድስት ጆንያ የሚሠራው ክምር አንድ ሜትር ኩብ አይሞላም፤ ስለዚህ በሦስት እጥፍ ይሥሩት። ወርዱም ቁመቱም ከ1 ሜትር ያነሰ ክምር ሙቀቱን አይዝም፣ በተለይ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ሌሊት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የብረት ዘንግ እስከ መሃሉ ይስኩና ከ10 ደቂቃ በኋላ ያውጡት። በእጅ ይዞ መቆየት ካቃተ ሙቀቱ ወደ 55 ዲግሪ ደርሷል። ይህን ሙቀት ለቀናት የያዘ ክምር አብዛኛውን የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተህዋስ ይገድላል። ጠርዙ ላይ ያለው ግን አይሞቅም፤ ስለዚህ በየሳምንቱ በመንሽ የውጩን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጭ ያገላብጡ። ለአንድ ወር እንዲህ ካደረጉ በኋላ ሸፍነው ሁለት ሦስት ወር ያስተኙት። ሲደርስ ክምሩ በግማሽ ወርዷል፤ ከስድስት ጆንያ ሦስት ማግኘት ኪሳራ አይደለም።

ካልሞቀ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ደርቋል፣ አንሷል ወይም ጭዱ በዝቶ ፍጉ ጎድሏል። ከሸተተ ደግሞ ውሃው በዝቷል፤ ደረቅ ነገር ጨምሮ ማገላበጥ ያድነዋል። ጉድጓድ በበጋ እርጥበት ስለሚጠብቅ ጥሩ ነው፤ በክረምት፣ ያውም በዋልካ ላይ ከሆነ፣ ኩሬ ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከመሬት በላይ ከምረው በላስቲክ ይሸፍኑ።

ስንት ይበቃል? 1.2 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ 6 ካሬ ሜትር ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበሰለ ፍግ ለመንጠፍ 180 ሊትር ያስፈልጋል፤ ማለትም ሦስት ጆንያ። ከላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ጋር በዶማ ቀላቅለው ሁለት ሳምንት ቆይተው ይትከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ተክሉ ከፍጉ ናይትሮጂን የሚያገኘው ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የተቀረው ቀስ እያለ በቀጣዮቹ ዓመታት ይለቀቃል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ወቅት «ፍግ አድርጌ ምንም ለውጥ አላየሁም» የሚለው ሰው የሚበዛው፤ በሁለተኛው ዓመት እዚያው መደብ ላይ ግማሹን ቢጨምር ልዩነቱን ያየዋል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ፤ በአንድ ኩንታል ደረቅ የከብት ፍግ ውስጥ ግን አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ። በናይትሮጂን ብቻ ከተመዘነ ፍግ ተሸናፊ ነው። ዩሪያ ግን አፈሩን አያላላም፣ ውሃ አያስይዝም፣ ለደረቀው ቀይ አፈር ትል አይመልስለትም።

ሁሉም ተክል ፍግ አይወድም። ካሮትና ቀይ ሥር ትኩስ ፍግ ላይ ከተዘሩ ሥራቸው ሁለት ሦስት እግር ያወጣል፤ እነሱን ባለፈው ወቅት ጎመን በነበረበት መደብ ላይ ይዝሩ። ጥሬ ፍግ ያረፈበት ሰላጣ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ሳልሞኔላና የወስፋት እንቁላል በቀላሉ አይሞቱም። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ጥሬ ፍግ በተደረገበት መሬት ላይ አፈር የሚነካ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት 120 ቀን እንዲያልፍ ያዛል፤ አፈር ለማይነካው 90 ቀን። ሰላጣ በሁለት ወር ስለሚደርስ ጥሬ ፍግ ለሰላጣ የለም ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ሻጩም ላያውቀው የሚችል። ሰፊ ቅጠል አረም የሚያጠፉ አንዳንድ ኬሚካሎች፣ ክሎፒራሊድና አሚኖፒራሊድ የሚባሉት፣ በገለባ ገብተው፣ በላም ሆድ አልፈው፣ ኮምፖስት ሆነውም አይጠፉም። በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ የጓሮ ቲማቲም በዚህ ተበላሽቷል። ብዙ ጆንያ ከአንድ ቦታ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ብቻ ይውሰዱና በባቄላ ይፈትኑት። በሦስት ጣሳ ግማሽ ፍግ ግማሽ የግቢ አፈር፣ በሌላ ሦስት ጣሳ አፈር ብቻ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ፍሬ። ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ፍግ ባለበት ያለው ባቄላ አዲስ ቅጠሉ እንደ ሲኒ ከተቀለበሰና ግንዱ ከተጠማዘዘ ያን ፍግ ለሣርና ለበቆሎ እንጂ ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለድንችና ለጥራጥሬ አያድርጉት።

የዶሮ ኩስ። አብዛኛው ትልልቅ የዶሮ እርባታ ካለባት ከቢሾፍቱ አካባቢ ይመጣል፣ ሁለት ዓይነትም ነው። ከእንቁላል ጣይ ዶሮ ቆጥ ሥር የሚጠረገው ንጹሕ ኩስ ነው፤ ሲደርቅ 3 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ናይትሮጂን አለው። የጣዮች መኖ የኖራ ድንጋይ ስለሚጨመርበት ኩሱ ካልሲየም ይይዛል፣ ለአሲዳማ ቀይ አፈርም ይስማማል። ሁለተኛው ከሥጋ ዶሮ ቤት ወለል ላይ የሚነሳው ነው፤ ሰጋቱራ ወይም ጭድ አለበት። ሰጋቱራው ከበዛ ነገሩ ይገለበጣል። ሰጋቱራን የሚያበሰብሱት ተህዋሲያን ናይትሮጂን ስለሚፈልጉ ከአፈሩ ይወስዱታል፤ ማዳበሪያ ያደረጉለት ጎመን ከታች ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ሰው ይህን ሲያይ ውሃ ያበዛል፣ የባሰ ያቢጨዋል። በጆንያው ውስጥ ነጭ ፍቅፋቂ እንጨት ከኩሱ በልጦ ከታየ አይግዙት፣ ወይም ስድስት ወር ለማስተኛት ተዘጋጅተው ይግዙት።

ጥሬ የዶሮ ኩስ ችግኝ ሥር ማድረግ ችግኙን ማቃጠል ነው። መጀመሪያ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ውሃ እያለ ይጠወልጋል፤ ጨውና አሞኒያው ሥሩን ስለሚጎዳ ነው። አንድ እጅ ኩስ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ደረቅ ቅጠል ጋር ከምረው ያብስሉ። የበሰለና የደረቀውን በካሬ ሜትር ከአንድ ኪሎ አያሳልፉ፤ ለጎመን፣ ለቆስጣና ለሽንኩርት ይበቃል። ቲማቲም ላይ ግማሹ ይብቃ። አለበለዚያ ወገብ የሚደርስ ቅጠል ይወጣል፣ ፍሬ የለም። አመድ ወይም ኖራ ከኩስ ጋር በአንድ ላይ አይቀላቅሉ። ብዙ ሰው «ሁለቱም ጥሩ ነው» ብሎ ያደርገዋል፤ ወዲያው የሚወጣው ሽታ የከፈሉበት ናይትሮጂን ነው። በመሃላቸው ሦስት አራት ሳምንት ልዩነት ይኑር።

«ኮምፖስት» ተብሎ የሚሸጠው ጆንያ ፍርድ ለመስጠት ያስቸግራል፤ ከሻጭ ሻጭ የሰማይና የምድር ልዩነት አለው። ከቤት ውስጥ ቆሻሻ የተሠራ ከሆነ የፌስታል ቁራጭና የጠርሙስ ስባሪ መኖሩን በእጅ ሳይሆን በወንፊት ይፈትሹ። አፈር የተቀላቀለበት ከመሰለዎት አንድ ሦስተኛ ጠርሙስ ሞልተው ውሃ ይጨምሩበት፣ አናውጠው ለአንድ ሰዓት ያቁሙት። አሸዋው በቶሎ ከሥር ይቀመጣል፣ ጭቃው ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል፣ ብስባሹ ከላይ ይንሳፈፋል ወይም ላላ ብሎ መሃል ይሰፍራል። ከሥር የሰፈረው የአፈር ንጣፍ ካስገቡት ከግማሽ በላይ ከሆነ ኮምፖስት በሚል ስም አፈር ገዝተዋል።

መብሰሉን የሚፈትነው ደግሞ ከየቤቱ የማይጠፋው ፌጦ ነው። ፌጦ በቶሎ ይበቅላል፣ ላልበሰለ ኮምፖስትም ስስ ነው። በአንድ ሳህን እርጥብ ኮምፖስት፣ በሌላው እርጥብ የግቢ አፈር፣ በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ይዝሩና በላስቲክ ይሸፍኑ። በአምስተኛው ቀን ይቁጠሩ። ኮምፖስቱ ላይ የበቀለው ከአፈሩ ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ ከሆነና ሥሩ ነጭና ጸጉራም ከሆነ በስሏል። የሥሩ ጫፍ ቡናማ ከሆነ ወይም ግማሹ ካልበቀለ አንድ ሁለት ወር ያስተኙት። ቆንጆው ነገር፣ ፈተናው የሚጠይቀው አንድ ቁንጥጫ ፌጦ ብቻ ነው።

በአጠቃላይ ኮምፖስት ከመግዛት መሥራት ይሻላል፤ ጥሬ ዕቃው በከተማው ውስጥ በነጻ ይጣላልና። ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ፣ አንዱ ነው፤ ቅጠሉና ለስላሳው ቀንበጥ በፍጥነት ይበሰብሳል፣ እንጨቱን ግን በገጀራ ማሳጠር ያስፈልጋል፣ ካለዚያ ዓመት ይቀመጣል። ጫት ላይ ብዙ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ በሙቅ ክምር ይብሰል እንጂ በቀጥታ አይነጠፍ። የቡና አተላ ከክምሩ አንድ አምስተኛ ድረስ ይቻላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በጥቂቱ። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1996 በአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ አነሳሽነት የተጀመረው የኮምፖስት ሥራ ያሳየውም ይኸው ነው፤ ገበሬው በአካባቢው ባለው አረም፣ ገለባና እበት ብቻ የሠራው ኮምፖስት ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር የሚወዳደር፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት ሰጥቷል።

ቨርሚኮምፖስት በኪሎ ሲታይ ከሁሉም ውድ ነው፣ በእርግጥም ጥሩ ነው። ደቃቅ፣ ሽታ የሌለው፣ ችግኝ የማያቃጥል። ለመደብ መንጠፍ ግን ብር መበተን ነው። የችግኝ ማፍያ አፈር ላይ አንድ አምስተኛ ያህል፣ ቲማቲምና ቃሪያ ሲተከሉ በጉድጓዱ አንድ እፍኝ፤ በቃ። እንደ ዱቄት የደረቀውን ይለፉት፣ እርጥበቱን ሲያጣ ተህዋሲያኑም አብረው ይሞታሉ። ከአፈር ጋር አዋህዶ የሚሸጥም ስላለ የጠርሙሱ ፈተና እዚህም ይሠራል። ቀዩን ትል ገዝቶ ራስ ማርባት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ለሚውል ግቢ ተስማሚ ነው። ከግቢ የሚቆፈረው ትል ግን በሣጥን አይረባም፤ ኑሮው ጠለቅ ብሎ አፈር ውስጥ ነው።

በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው «የትል ፈሳሽ» አብዛኛው ከሣጥኑ ሥር የተንጠባጠበ ውሃ ነው፤ ውስጡ ምን ያህል ንጥረ ነገር እንዳለ ሻጩም አይነግርዎም። ተገዝቶ ከሆነ በአሥር እጅ ውሃ አቅጥነው ከሥር ያጠጡት፣ በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ አይርጩት። ክዳኑ ሲከፈት ጋዝ ካስወጣ ወይም ከሸተተ ወደ ኮምፖስት ክምሩ ይድፉት።